የቱ ስትሮክ ቴስታታ በአዲስ አበባ ከፍታ፦ ስንት ይላጋል፣ የት ላይ ይቆማል

አዲስ አበባ መሃል ያለ ሞተር ሳይክል የሚተነፍሰው ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚህ የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ብቻ ነው። ቱ ስትሮክ (በሁለት የፒስተን ምት አንዴ የሚያቃጥል) የሆኑት ያማሃ ዲቲ 125ም ሆነ ኤጂ 100 ከፋብሪካ ሲወጡ ቴስታታቸው፣ ማለትም ሲሊንደሩን ከላይ የሚከድነው ክፍል፣ የተሠራው ሙሉ አየር ለሚያገኝ፣ ሙቀት ለሚበዛበት አገር ጭምር ነው። ስለዚህ እኛ ጋ ቴስታታውን በማስላግ፣ ማለትም በሲሊንደሩ በኩል ያለውን መሬቱን (ፊቱን) በስሱ አስቆርጦ በማንሳት፣ ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ አየሩን የሚጨምቅበትን መጠን) ለመጨመር በቂ ቦታ አለ። ልኩን የሚወስነው ግን ሞተሩ ፒያሳ ላይ የሚያሳየው ጉልበት ሳይሆን ባለቤቱ ይዞት የሚወርድበት ዝቅተኛው ቦታ ነው። ቴስታታ ካስላጉ በኋላ ፒስተናቸው የተበሳ ሞተሮች አብዛኞቹ ከተማ ውስጥ አልሞቱም፤ ቆላ ወርደው ነው።

ከሥራው ምን እንደሚጠበቅ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ቴስታታ ማስላግ የጎደለውን አየር አይመልስም። የገባውን አየርና ቤንዚን በተሻለ ማቃጠል ነው ጥቅሙ። ከታች በምሰጠው ምሳሌ በስሌት የሚገኘው ጭማሪ 3 በመቶ ገደማ ነው። ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሲወጣ የሚሰማው ለውጥ ከዚህ የሚበልጥ የሚመስለው ጉልበቱ በዝቅተኛና በመካከለኛ ዙር ስለሚመጣ፣ በቴስታታውና በፒስተኑ ጠርዝ መካከል ያለው ክፍተት ሲጠብ ደግሞ ቃጠሎው ስለሚፈጥን ነው። ጫፍ ላይ ያለው ፍጥነት አይጨምርም፤ እንዲያውም በትንሹ ሊቀንስ ይችላል። ኮምፕሬሽን ሲያድግ ወደ ማርሚታ (ጭስ አስወጪው ቱቦ) የሚወጣው ጭስ ይቀዘቅዛል፣ ማርሚታው በደንብ የሚሠራበትም ዙር ዝቅ ይላል። ለዳገት ከተማ ይህ ጥሩ ነው። ቀለበት መንገድ ላይ ፍጥነት ለሚፈልግ ሰው ግን ገንዘቡን እዚህ ላይ እንዲያጠፋ አልመክርም።

ምንም ሳትፈቱ ኮምፕሬሽኑን በጌጅ (በግፊት መለኪያ) ለኩ። ሞተሩ ይሙቅ፣ ካንዴላው (እሳት ሰጪው) ይውጣ፣ ጌጁ ይታሰር፣ ጋዙን እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ መርፌው መጨመር እስኪያቆም ርገጡ። የካንዴላውን ሽቦ ከሞተሩ አካል ጋር አስነክታችሁ ያዙት፣ አለዚያ ሲዲአይው (እሳቱን የሚቆጣጠረው የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን) ሊቃጠል ይችላል። እዚህ ላይ በጣም የተለመደ ስህተት አለ። ማኑዋሉ 120 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ካለና ጌጁ 90 ካሳየ ብዙ መካኒክ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል ብሎ ፋሻና ፒስተን ያስገዛል። የማኑዋሉ ቁጥር የባሕር ጠለል ነው። ለአዲስ አበባ በ0.75 አባዙት፤ 120 እዚህ 90 ነው፣ ሞተሩም ጤነኛ ነው። በተቃራኒው እዚህ 110 የሚያሳይ ሞተር ጅቡቲ ወደብ ላይ ወደ 147 ይወጣል። በአየር ለሚቀዘቅዝ፣ ከማደያችን የሚቀዳውን አንድ ዓይነት ቤንዚን ለሚጠቀም የመንገድ ሞተር እኔ አዲስ አበባ ላይ 110ን አላልፍም። ማደያ ሄደን የምናማርጠው ባለ ከፍተኛ ኦክታን፣ ማለትም ሲጨመቅ በቀላሉ ያለጊዜው የማይፈነዳ፣ ቤንዚን የለንም፤ ወሰኑን የሚያስቀምጠውም ይኸው ነው።

ከጌጁ ቀጥሎ ቴስታታው ይፈታል፣ ካርቦኑም ይጸዳል። የእንጨት ስንጥር ወይም ጠርዙ የደነዘዘ የመዳብ ቁራጭ ተጠቀሙ፤ ጠመንጃ መፍቻ አሉሚኒየሙን ይጭረዋል፣ ጭረቱም ኋላ እየጋለ እሳት የሚያስነሳ ጫፍ ይሆናል። ካርቦን ራሱ ቦታ ስለሚይዝ ኮምፕሬሽን ያሳድጋል። ሳይጸዳ የተለካ ሞተር የሐሰት ቁጥር ይሰጣል፤ በዚያ ቁጥር የተላገ ቴስታታም ልኩን ይስታል።

አሁን በቴስታታውና በፒስተኑ ጠርዝ መካከል ያለውን ክፍተት እንለካ። ሬዲዮና ሞባይል ጠጋኞች የሚጠቀሙበት 2 ሚሊ ሜትር የብየዳ ሊድ ይገዛል። ሁለት ቁራጭ ይቆረጣል፤ እያንዳንዱ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጀምሮ ወደ መሃል 15 ሚሊ ሜትር ያህል ይግባ። የሚቀመጡት ቤላውን (ፒስተኑን ከሚሽከረከረው ክራንክ ዘንግ ጋር የሚያገናኘውን ክንድ) ከፒስተኑ ጋር በሚያያይዘው ስፒኖቶ አቅጣጫ፣ በሁለቱ ጫፎቹ አናት ላይ ነው። በፊትና በኋላ ካደረጋችኋቸው ፒስተኑ ይወዛወዝና ልኩ ይዛባል። ሊዱ እንዳይንሸራተት በትንሽ ግራሶ አጣብቁት። የቀድሞው ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በሲሊንደሩ መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ይግባ፣ ቴስታታው በትክክለኛው ጥብቀት ይታሰር፣ ከዚያ ሞተሩ በእጅ ቀስ ብሎ አንዴ ፒስተኑ የሚደርስበትን ላይኛውን ጫፍ ይለፍ። ተፈትቶ የተጨፈለቀው ሊድ በካሊፐር ይለካል፣ በግድግዳው በኩል ያለው ጫፍና በመሃል በኩል ያለው ለየብቻ።

ግድግዳው ጋ 1.5፣ ወደ መሃል 1.6 ካገኛችሁ የቴስታታው ጠርዝና የፒስተኑ አናት ተዳፋታቸው ይስማማል። ወደ መሃል የሚጠብ ከሆነ፣ ማለትም ግድግዳው ጋ 1.5 ሆኖ ውስጥ 1.2፣ መሬቱን ብቻ መላግ አይበቃም፤ ተዳፋቱም እንደገና መቆረጥ አለበት። ግራና ቀኙ ከ0.1 በላይ ከተለያየ ደግሞ ቴስታታው ጠምሟል ወይም ሲሊንደሩ በትክክል አልተቀመጠም። ያ ሳይስተካከል ወደ ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚቆርጥ ማሽን) ቤት አትሂዱ።

ለ125 የምደርስበት ጠባቡ ክፍተት 1.0 ሚሊ ሜትር ነው። ክራንኩና ቤሪንጉ አዲስ ከሆነ 0.9 ይቻላል። ከ0.8 በታች በፍጹም። ከፍ ባለ ዙር ቤላው ይለጠጣል፣ ቤሪንጉ ክፍተት አለው፣ ካርቦንም ይጠራቀማል፤ እነዚህ ተደምረው ፒስተኑን ከቴስታታው ያጋጩታል። ለኤጂ 100 ዓይነቱ ዙሩ ዝቅ ላለ ሞተርም 1.0 ላይ መቆም ይሻላል፤ ከዚያ በታች የሚገኘው ጥቅም አደጋውን አይመጥንም።

ቀጥሎ የቃጠሎ ክፍሉ ስንት ሲሲ እንደሚይዝ ይለካል። ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ላይ ይቁም፣ ዘይት እንዳያሾልክ የፒስተኑ ዙሪያ በግራሶ ይታተም፣ ቴስታታው ይታሰር። ሞተሩ የካንዴላው ቀዳዳ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ እስኪያይ ድረስ ይዘንበል። ከፋርማሲ በተገዛ 20 ሲሲ ሲሪንጅ ቀጭን ዘይት በላምባ አቅጥናችሁ በቀዳዳው አስገቡ። በባትሪ እያያችሁ፣ ዘይቱ የታችኛውን ጥርስ ሲነካ አቁሙ። አረፋ ከቀረ ቁጥሩ ስለሚያንስ ሞተሩን ወዝወዝ አድርጉት። ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይደገም፤ ልዩነቱ ከ0.2 ሲሲ ከበለጠ አንድ ቦታ ላይ እያፈሰሰ ነው።

በዲቲ 125 እናስላው። የሲሊንደሩ ስፋት 56፣ ምቱ (ፒስተኑ የሚወጣ የሚወርድበት ርቀት) 50 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይዘቱ 123 ሲሲ። በቱ ስትሮክ ግን ጭመቃ የሚጀምረው በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለው የጭስ መውጫ መስኮት ሲዘጋ ስለሆነ የሚቆጠረው ከዚያ በላይ ያለው ብቻ ነው። የመውጫው ላይኛ ጠርዝ ፒስተኑ ከሚደርስበት ላይኛው ጫፍ 28 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ከተገኘ፣ የሚጨመቀው 69 ሲሲ ነው። ክፍሉ 12 ሲሲ ከያዘ፣ 69 ሲደመር 12 ለ12 ሲካፈል የኮምፕሬሽን ምጥጥኑ 6.75 ይሆናል። በዚህ ሲሊንደር ከቴስታታው መሬት የሚነሳ እያንዳንዱ 0.1 ሚሊ ሜትር 0.25 ሲሲ ያህል ይቀንሳል። 0.5 ብናስላግ ክፍሉ 10.8 ሲሲ ገደማ ይሆናል፤ ምጥጥኑ ወደ 7.4 ያድጋል፤ ክፍተቱም ከ1.5 ወደ 1.0 ይጠባል። ከማስላጉ በፊት 90 ያሳይ የነበረ ጌጅ ወደ 100 ግድም ይመጣል። 52 በ45.6 የሆነው ኤጂ 100 ላይ 0.1 ሚሊ ሜትር የሚቀንሰው 0.21 ሲሲ ነው። ቁጥሮቹን ከሰው ሞተር አትቅዱ፤ አንድ ዓይነት ሞዴል እንኳ ቀድሞ የተላገ ወይም ቴስታታው የተቀየረ ሊሆን ይችላል።

ቶርኖ ቤት ስትሄዱ የሚላገውን ብቻ ሳይሆን አያያዙንም ተስማሙ። የቴስታታውን ክንፎች በቶርኖው መንጋጋ መያዝ ክንፍ ይሰብራል፣ መሬቱንም ያጣምማል። ትክክለኛው መንገድ እንዲህ ነው፦ ባለሙያው አንድ የብረት ዘንግ ቶርኖው ላይ ያስራል፣ ጫፉን አስተካክሎ የካንዴላ ጥርስ፣ 14 በ1.25፣ ያወጣለታል፣ የሚያርፍበትንም ትከሻ እዚያው ይቆርጣል። ከዚያ ዘንጉን ሳይፈታ ቴስታታውን በካንዴላው ቀዳዳ ዘንጉ ላይ ያሽከረክረዋል። ዘንጉ ከታሰረበት ስላልወጣ ቴስታታው ቀጥ ብሎ ይዞራል። የካንዴላው ቀዳዳ አግድም የተዘነበለበት ቴስታታ ግን በዚህ መንገድ አይሠራም፤ እሱ ፍሬዛ (መቁረጫው ራሱ የሚዞርበት ማሽን) ላይ በሲሊንደር በኩል ባለው መሬቱ ተለክቶ መታሰር አለበት።

ከመቆረጡ በፊት ባለሙያው በሰዓት ጌጅ ዙሪያውን ይፈትሽ፤ መርፌው ከ0.03 በላይ መወዛወዝ የለበትም። ከዚያ በየዙሩ 0.1፣ መጨረሻ ላይ 0.05 እያነሳ ይሂድ፣ አሉሚኒየሙ መቁረጫው ላይ እንዳይለጠፍ ላምባ ይርከፍከፍበት። በአንዴ 0.5 የሚያነሳ ሰው ሸካራ መሬት ነው የሚያስረክባችሁ፤ ሸካራ መሬት ላይ ጓርኒሲዮን አይዝም። የታሰበው 0.5 ከሆነ 0.4 ላይ አስቁሙና ወስዳችሁ በሊድ ለኩ። የጎደለውን መጨመር ይቻላል፣ የተነሳውን ግን የሚመልስ የለም።

አንዳንድ ቴስታታ ላይ የጠርዙ ተዳፋት የሚጀምረው ልክ ከመሬቱ ነው። እንዲህ ያለውን ስትልጉ የጎድጓዳው አፍ ከሲሊንደሩ ይጠብና ዙሪያውን ጠፍጣፋ ቀለበት ይቀራል። ቀለበቱ ሲሊንደሩ ላይ ስለሚንጠለጠል የፒስተኑን ጠርዝ ሊመታ ይችላል። እዚያ ላይ ተዳፋቱን ከፒስተኑ አናት ጋር አስማምቶ እንደገና መቁረጥ ግዴታ ነው። ለ56 ሚሊ ሜትር ሲሊንደር የጠርዙ ስፋት ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ሲሆን ጥሩ ይሠራል። ሹል የቀረ ጫፍ ሁሉ በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይዳሰስ።

መሬቱን መስታወት ላይ በተዘረጋ ብርጭቆ ወረቀት በእጅ ማስተካከልም ይቻላል፤ 0.1 ሚሊ ሜትር ድረስ ጠማማ ለማቅናት እኔም የምመርጠው ይህንኑ ነው። ለ0.5 ግን አይሆንም፤ እጅ አንዱን ጎን አብዝቶ ይጫናል።

ጓርኒሲዮኑን አውጥቶ በሲልከን ብቻ ማሰር፣ ወይም ከሲሊንደሩ ሥር ያለውን ጓርኒሲዮን ማሳሳት እንደ አቋራጭ ይሠራበታል። የመጀመሪያው ከጥቂት ሙቀት በኋላ ይነፋል፣ የሚነፋው ጋዝም መሬቱን ይበላዋል። ሁለተኛው ሲሊንደሩን ከነመስኮቶቹ ዝቅ ያደርጋል፤ የጭስ መውጫው ዘግይቶ ተከፍቶ ቶሎ ይዘጋል፣ ሞተሩም ከፍ ባለ ዙር ይታፈናል። ለዳገት ብቻ ከተፈለገ ይህኛው መጥፎ አይደለም፣ ግን ምን እየተለወጠ እንዳለ አውቆ መሆን አለበት።

ለጓርኒሲዮን 0.5 ሚሊ ሜትር የመዳብ ቆርቆሮ መርካቶ ይገኛል። አሮጌውን እንደ ቅርጽ ተጠቅማችሁ አስቆርጡት። መዳቡ ጠንካራ ከሆነ በእሳት ቀይ እስኪል ይጋልና ውሃ ውስጥ ይነከር፤ መዳብ እንደ ብረት አይደለም፣ ግሎ ቢነከርም ይለሰልሳል። ጥቁሩን ቅርፊት በወረቀት አንሱለት። የ8 ሚሊ ሜትር እስታዶች (ቴስታታውን የሚይዙት ብሎኖች) ዳዶ ከ20 እስከ 25 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል፣ በመስቀል ቅደም ተከተል፣ በሦስት ደረጃ። ሞተሩ አንዴ ሞቆ ሙሉ በሙሉ ሲበርድ እንደገና ይፈተሽ። ሲሠራ በቴስታታውና በሲሊንደሩ መጋጠሚያ ዙሪያ የሳሙና ውሃ ቀቡ፤ አረፋ ካበጠ እያፈሰሰ ነው።

ካንዴላው አንድ ደረጃ ይቀዝቅዝ፣ ማለትም ሙቀቱን ቶሎ የሚያስወጣ ዓይነት ይሁን። በኤንጂኬ ካንዴላ ቁጥሩ ሲያድግ ይቀዘቅዛል፣ ከ7 ወደ 8 ማለት ነው፤ በቦሽ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ነው የሚቀዘቅዘው። ሱቅ ውስጥ ይህ ብዙ ጊዜ ይምታታል። የጥርሱም ርዝመት ይታይ፤ ኤንጂኬ ላይ ኤች 12.7፣ ኢ ደግሞ 19 ሚሊ ሜትር ነው። የተላገ ቴስታታ ላይ ረጅም ካንዴላ ከታሰረ ፒስተኑን ይመታል።

ታይሚንጉን (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ) አዲስ አበባ ላይ እንደነበረ ተዉት። ኮምፕሬሽን ሲያድግ እሳቱ ዘግየት እንዲል ይፈለጋል፣ ቀጭን አየር ደግሞ ቀደም እንዲል ይፈልጋል፤ ሁለቱ ይቻቻላሉ። ለቆላ ግን 2 ዲግሪ ማዘግየት ይጠቅማል፣ 50 ሚሊ ሜትር ምት ባለው ሞተር ከፒስተኑ ላይኛ ጫፍ ሲለካ 0.35 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከቤንዚኑ ጋር የሚቀላቀለውን ዘይትም አታብዙ። ኮምፕሬሽን ስለጨመርኩ ዘይት ልጨምር የሚል አስተሳሰብ ጉዳት አለው፤ የበዛ ዘይት የቤንዚኑን ኦክታን ያወርዳል፣ ቤንዚኑም ድርሻው ያንሳል።

ካርቡራቶሩ ላይ ጥንቃቄው ይበልጣል። ለባሕር ጠለል የተመጠነ ጄት (ቤንዚን የሚያልፍበት ባለ ቀዳዳ ትንሽ ክፍል) እዚህ ቤንዚን 12 በመቶ ገደማ ያበዛል። ባለ ስድስት ማዕዘን የሚኩኒ (የካርቡራቶር ሠሪ) ሜይን፣ ማለትም ዋና፣ ጄት ቁጥሩ የሚያፈሰውን መጠን ስለሚያመለክት 140ን ወደ 130 ማውረድ ጥሩ መነሻ ነው፤ ስሌቱ ከዚያም በታች ይፈቅዳል፣ ነገር ግን ትንሽ የበዛ ቤንዚን ቴስታታውን ያቀዘቅዛል። ቀጭን አየር ክንፎቹንም በደንብ አያበርድም፤ ሜክሲኮ ወይም ፒያሳ መጨናነቅ ውስጥ በአንደኛ ማርሽ የሚሳብ ሞተር ደግሞ ጭራሽ ነፋስ አያገኝም።

ሙከራው ዳገት ላይ ይሁን። ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ፣ ወይም ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ፣ በሦስተኛ ማርሽ ጋዙን ከፍታችሁ ሞተሩን ከዝቅተኛ ዙር አስጎትቱት። በጣሳ ውስጥ እንደሚንቀጫቀጭ ጠጠር ያለ ድምፅ ከተሰማ ወዲያው ጋዙን መልሱ፤ ቤንዚኑ ከጊዜው በፊት እየፈነዳ ነው። ዳገቱ መሃል ላይ ሞተሩን ክላች ይዛችሁ አጥፉና ካንዴላውን አውጡ። ነጩ ሸክላ ቀለል ያለ ቡናማ ከሆነ መልካም ነው። ላዩ ላይ እንደ በርበሬ ብናኝ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ወይም የሚያብረቀርቁ የአሉሚኒየም ቅንጣቶች ካሉ ፒስተኑ መበላት ጀምሯል። እዚያ ላይ ጄቱን አንድ ደረጃ ማሳደግ የመጀመሪያው ነው፤ ካልቆመ ወፍራም ጓርኒሲዮን ይግባ። ድምፁ ባይሰማም ነጠብጣቡ ካለ ነጠብጣቡን እመኑ፤ የመንገዱ ጫጫታ ብዙ ይሸፍናል።

ወደ ቆላ ስለመውረድ በዝርዝር ልናገር። አዋሽ 1000 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት ከአዲስ አበባው በአንድ አምስተኛ ግድም ይበልጣል። ያው የተላገ ቴስታታ በድንገት ብዙ አየር ይጨምቃል፣ ለደጋ የቀነሰው ጄት ደግሞ ለዚያ አየር የሚበቃ ቤንዚን አይሰጥም፣ ሙቀቱም አለ። ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ ፒስተኑ ወይ ግሪፕ ያደርጋል (ሲሊንደሩ ውስጥ ይጣበቃል) ወይ መሃሉ ይበሳል። ከሁሉ የከፋው የዓባይ ሸለቆ ነው፤ ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ ሲወረድ ሞተሩ ቀዝቅዞ ይሄዳል፣ ከድልድዩ ወደ ደጀን ግን ወፍራም አየር ውስጥ፣ በጋለ መንገድ፣ ሙሉ ጋዝ ተከፍቶ ረጅም ዳገት ይወጣል። ከዚያ በላይ ቴስታታን የሚፈትን መንገድ አላውቅም።

ለእንዲህ ያለው ጉዞ 1.0 ሚሊ ሜትር የሆነ ሁለተኛ የመዳብ ጓርኒሲዮንና የድሮው 140 ጄት አስቀድመው ይዘጋጁ። ጓርኒሲዮኑ 0.5ቱን የተላገ መልሶ ወደ 6.75 ያወርዳል፣ ክፍተቱም 1.5 ይሆናል። የሚቀየረው ሞተሩ ሙሉ በሙሉ በርዶ፣ ከከተማ ከመውጣት በፊት ነው፤ ትኩስ ቴስታታ ሲፈታ ይጣመማል። ሲመለሱ ጓርኒሲዮኑ ይቀየራል፣ የወጣውም መዳብ ዳግም ከመታሰሩ በፊት እንደገና በእሳት ይለስልስ።